ዛሬ ማታ ማን ሊደርስባት ይችላል? በኢንተርኔት ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ልጆች የስጋት ዳሰሳ አሰራር

ሐሙስ ከሰዓት ነው። የ14 ዓመት ተማሪ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ቢሮ በር ላይ ቆማለች። ስልኳን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ስክሪኑ ላይ ያለው መልእክት አጭር ነው፦ «እስከ ማታ 2 ሰዓት 3 ሺህ ብር ካላስገባሽ ክፍልሽ ግሩፕ ላይ እለቀዋለሁ።» ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።

ይህቺን ልጅ ለዚህ ጽሑፍ በምሳሌነት ያመጣኋት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ልጅ ግን የማንኛችንንም በር ሊያንኳኳ ይችላል። በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ብዝበዛን የሚታገለው ኤክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በጋራ ስለ ኢትዮጵያ አጥንተው በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሪፖርት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ልጆች መካከል 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ከባድ የኢንተርኔት ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተገምቷል። ከ50 ተማሪ ኢንተርኔት ተጠቃሚው ግማሹ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሦስት ልጅ ማለት ነው።

መመሪያው ለትምህርት ቤት አማካሪ፣ ለማህበራዊ ሰራተኛ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለመድረሳ አስተማሪ፣ ለአክስት፣ ለአጎት ነው። የስጋት ዳሰሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ፎርም ነው። ፎርሙ በኋላ ይደርሳል። ዋናው ሥራ አንድ ጥያቄ ነው፦ ዛሬ ማታ ይህን ልጅ ምን ሊጎዳው ይችላል? አስፈራሪው ማነው፣ ምስሉ የት ደረሰ የሚለው ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

ከጥያቄው በፊት፦ የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች

በሩን ገርበብ አድርጉ እንጂ አትቆልፉት። ከጠረጴዛው ማዶ አትቀመጡ። ውሃ ስጧት። ስልኩን ከእጇ አትቀበሉ፤ ራሷ ማሳየት ስትፈልግ ታሳያችሁ። የተራቆተ ምስሏን ግን ማየት አያስፈልጋችሁም። «ምስሉን አላየውም፣ ማየትም አያስፈልገኝም» ብላችሁ በግልጽ ንገሯት። ይህን ስትሰማ ትከሻዋ ሲወርድ ታያላችሁ።

ከዚያ ሦስት ነገር በሏት። ስለነገርሽኝ ጥሩ አድርገሻል። ጥፋቱ የሱ ነው። ብቻሽን አይደለሽም። ከዚህ የረዘመ ንግግር አያስፈልግም።

«ለምን ላክሽለት?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችሁ አይውጣ። በቅን ልብ ብትጠይቁትም ልጁ የሚሰማው «አንተ ነህ ያመጣኸው» የሚል ነው። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» የሚለውም ያው ነው። ወንድ ልጅ ከሆነ ደግሞ «አንተ ወንድ አይደለህ እንዴ» የምትለዋን ቃል ዋጧት። ወንዶች ልጆች በዚህ ጥቃት በብዛት ይጠመዳሉ። ግን ከሴቶች ይልቅ አፍነው ይይዙታል።

ምስጢርን በተመለከተ የማትጠብቁትን ቃል አትግቡ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ማታ ለፖሊስ ብትደውሉ ልጅቷ ሁለተኛ ሰው አታምንም። እንዲህ በሏት፦ «የምትነግሪኝ ወሬ አይሆንም። ሕይወትሽ አደጋ ላይ ነው ብዬ ካሰብኩ ግን ሊረዱን ለሚችሉ ሰዎች መናገር አለብኝ። ለማን እንደምናገር አስቀድሜ ለአንቺ እነግርሻለሁ።»

አንደኛ፦ የዛሬ ማታ ጥያቄዎች

መጀመሪያ የሚጠየቀው ልጁ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለው ነው። ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ እንፈራዋለን። «ጠይቄ ሐሳቡን ባስገባባትስ?» እንላለን። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። እንዲያውም ለልጁ እፎይታ ነው።

ለምን እንደሚቀድም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እንዳስታወቀው፣ ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2023 ባለው ጊዜ ልጆችን በምስል እያስፈራሩ ገንዘብ በሚጠይቁ ሰዎች ከ12,600 በላይ ልጆች ተጠቅተዋል። አብዛኞቹ ወንዶች ነበሩ። ከነዚህ መሐል ቢያንስ 20ዎቹ ሕይወታቸውን አጥፍተዋል። የተሰጠው ቀነ ገደብ የሰዓታት ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ከዚያ ሰዓት ወዲያ ሕይወት ያለ አይመስለውም።

ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳትሄዱ ጠይቁ፦ «እንዲህ ያለ ጭንቀት ሲመጣ አንዳንድ ልጆች መሞትን ያስባሉ። አንቺስ አስበሽ ታውቂያለሽ?» አዎ ካለች ቀጥሉ፦ «ዛሬስ? እንዴት እንደምታደርጊ አስበሻል? የምታደርጊበት ነገር በእጅሽ ወይም ቤት ውስጥ አለ?» ዛሬ የሚል መልስ፣ ወይም ያሰበችው መንገድ ካለ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብቻዋን አትተዋት። መጸዳጃ ቤት እንኳ ስትሄድ በር ላይ ጠብቋት። አዋቂ ሰው ይዟት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት፣ በረኪና፣ ገጠር ከሆነ የፀረ ተባይ ኬሚካል ተቆልፎበት ቁልፉ አዋቂ ሰው ኪስ ይግባ። ቤተሰቡ ይህን በዚያው ቀን ሊሰራው ይገባል።

ቀጥሎ ሰውየው በአካል ሊደርስባት ይችል እንደሆነ እወቁ። ቤቷን ያውቃል? ተገናኝተው ያውቃሉ? ለመገናኘት ቀጠሮ አለ? «ለዛሬ ቀጥሮኛል» የምትል ልጅ አለች። እናንተ ግን ካልጠየቃችሁ አትነግራችሁም።

ተገናኝተው ከሆነና አካላዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓት ትቆጥራላችሁ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይበልጥ ይሰራል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ይሰጣል፣ እሱም ቢፈጥን ይሻላል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና ፖሊሱን አንድ ቦታ ያገናኛል። ልጅቷ ታሪኳን አራት ቢሮ ተዘዋውራ እንዳትናገር ተብሎ የተቋቋመ ነው። ክልል ላይ ካላችሁ በአቅራቢያችሁ እንዲህ ያለ ማዕከል ያለው የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ዛሬውኑ፣ ልጅ በር ላይ ሳይቆም፣ ጠይቃችሁ ቁጥሩን ያዙ።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀነ ገደቡ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ምን አደርጋለሁ ብሏል? ገንዘብ ተልኳል? ገንዘብ መላክ ማስፈራሪያውን አያቆመውም። የከፈለ ልጅ ነገም ይጠየቃል። ቀድማ ከፍላ ከሆነ ግን አትውቀሷት፤ የቴሌብሩን መልእክት አታጥፊው በሏት። የግብይት ቁጥሩ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛ፦ ሰውየው ማነው?

ሁላችንም መጀመሪያ የሚታየን በሩቅ ያለ የማይታወቅ አጭበርባሪ ነው። እንደዚያ ያለ አለ። ነገር ግን የዘመድ ልጅ፣ ጎረቤት፣ የቀድሞ ጓደኛ፣ አስጠኚ የሆነም ብዙ ነው። አንዳንዱ በሐሰት ስም አካውንት ከፍቶ እዚያው ሰፈር ተቀምጦ ያስፈራራል። ልዩነቱ የምትሰሩትን ሥራ ሙሉ በሙሉ ይቀይረዋል። ሩቅ ያለ ሰው ብሎክ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ወደ ሌላ ልጅ ይሄዳል። ቅርብ ያለ ሰው ብሎክ ሲደረግ በር ላይ ሊመጣ ይችላል።

ምልክት ፈልጉ። የሷን የቤት ስም ይጠራል? የክፍሏን ቁጥር ያውቃል? ስለ ትናንቱ ፈተና ጠየቃት? ልጅቷ ሳትነግረው የሚያውቀው ነገር ካለ፣ ሰውየው ቅርብ ነው ብላችሁ ተነሱ። ስሙን አውቃ የማትናገር ልጅም አለች። ቤተሰቡን የሚረዳው እሱ ሊሆን ይችላል። አታስጨንቋት። «ስሙን ዛሬ ባትነግሪኝም ችግር የለም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ዛሬ ማታ አንድ ጣሪያ ስር ታድራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአዎታ መልስ ከመጣ ቤት ብቻዋን አትመለስም።

ሦስተኛ፦ ቤቷ

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆዩ። ልጆች የሚጎዱት በአስፈራሪው ብቻ አይደለም፤ ነገሩን የሰማ የቤተሰብ አዋቂ በሚያደርገው ነገርም ይጎዳሉ። ዱላ አለ። «ስሜን አጠፋሽው» አለ። ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ ወደ ገጠር መላክ፣ አንዳንዴም ቶሎ መዳር አለ። ስለዚህ «ቤተሰብ ይጠራ» ከማለታችሁ በፊት ጠይቋት፦ «ይህን ቢሰማ የማይመታሽ፣ የማይጮህብሽ ሰው ማነው?» እናት ላትሆን ትችላለች። አያት፣ ታላቅ እህት፣ የክርስትና እናት ልትሆን ትችላለች። የምትጠራው ሰው ከሷ አፍ ይምጣ።

እናቷ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰራተኛ ሆና እሷ ዘመድ ቤት የምትኖር ልጅ ስትገጥማችሁ ተጨማሪ ጥንቃቄ አድርጉ። ስልኩን የገዛችላት እናቷ ናት፤ የእናትና ልጅ መገናኛም እሱው ብቻ ነው። ስልኩን «ለደህንነቷ» ብሎ መንጠቅ ከእናቷ መለየት ነው። ሰው ቤት በሰራተኝነት የምትኖር ልጅም እንዲሁ፤ አሰሪዎቿ ሲሰሙ በዚያው ሌሊት ሊያስወጧት ይችላሉ። ለነዚህ ልጆች «ዛሬ የት ታድራለች?» የሚለው ጥያቄ ከምስሉ ጉዳይ ሁሉ ይቀድማል።

ለወላጅ ስትነግሩ ልጅቷ ሌላ ክፍል ትቆይ። ዝርዝሩን አትናገሩ። እንዲህ ጀምሩ፦ «ጋሼ፣ ልጅዎ ወንጀል ተፈጽሞባታል። ደፍራ ተናግራለች። አሁን የሚያስፈልጋት እርስዎ ከጎኗ መቆምዎ ነው።» አባት ይቆጣል፤ ይጠበቃል። ቁጣውን እናንተ ላይ ያውጣ። ሁለት ነገር ግን ሳትይዙ አትለቁት፦ እንደማይመታት ቃሉን፣ ስልኩን እንደማይሰብረው ቃሉን። ሰውየውን ራሱ ፈልጎ «ሊያናግረው» እንዳይሄድም ንገሩት። ሰውየው ከተነቃበት ማስረጃውን ያጠፋል፤ ምስሉንም በንዴት ሊለቀው ይችላል። በሽምግልና እንጨርሰው የሚል ዘመድም አይጠፋም። በልጅ ላይ የተፈጸመ እንዲህ ያለ ወንጀል በሽምግልና የሚያልቅ ነገር አይደለም።

አራተኛ፦ ስልኩ

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማስረጃ ይያዛል፣ ከዚያ በር ይዘጋል።

በቴሌግራም የሚታየው ስም በአንድ ደቂቃ ይቀየራል። ስለዚህ ፕሮፋሉን ከፍታችሁ ዩዘርኔሙንና ስልክ ቁጥሩን፣ ካለ፣ ስክሪንሾት አንሱ። ማስፈራሪያዎቹን ከነቀናቸውና ሰዓታቸው አንሱ። ሰውየው የቻቱን ታሪክ ከሁለቱም ወገን ማጥፋት ስለሚችል አትዘግዩ። ሚስጥራዊ ቻት ከሆነ ስክሪንሾት ላይቻል ወይም ለሰውየው ሊያሳውቅ ይችላል፤ በሌላ ስልክ ካሜራ አንሱት። የተራቆተውን ምስል ግን አትቅዱ፣ አታንሱ፣ ወደ ራሳችሁ ስልክ አትላኩ። ለርዕሰ መምህሩ «እንዲያየው» ፎርዋርድ ማድረግ ሁለተኛ ጥቃት ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል። ምስሉ ያለበት ቻት እንዳለ ይቀመጥ፣ ስልኩ ለፖሊስ ይቅረብ።

ከዚያ በሩን ዝጉ። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቱና አካውንቱ የተከፈተባቸውን ስልኮች እዩ። የማታውቁት ካለ አስወጡት። ዋትስአፕ ላይ «ሊንክድ ዲቫይስስ» የሚለው ነው። ፓስዎርድ ቀይሩ፣ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አስገቡ። ሎኬሽን የሚያጋራ ነገር ካለ ዝጉ። የጓደኞቿ ዝርዝር ለሁሉም እንዳይታይ አድርጉ፤ አስፈራሪው «ለነ እገሌ እልካለሁ» የሚለው ከዚያ ወስዶ ነው። የፕሮፋል ፎቶዋን ተመልከቱ። የደንብ ልብሷን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ሰውየውን እስከ ትምህርት ቤቷ በር ያደርሰዋል። ብሎክ የሚደረገው መጨረሻ ላይ ነው። ቅርብ ያለ ሰው ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ደግሞ ፖሊስ ሳታማክሩ አይሁን።

አካውንቱን ሙሉ በሙሉ የማጥፋት ሐሳብ ከመጣላችሁ ተዉት። መልእክቱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል።

አምስተኛ፦ ምስሉ

የአሜሪካው የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል በፌብሩዋሪ 2023 «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት ጀምሯል። ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው የተነሳ የእርቃን ምስል ወይም ቪዲዮ ሲኖር ይሰራል። ምስሉ ከስልኩ አይወጣም። ስልኩ ላይ እንዳለ የጣት አሻራ የመሰለ የቁጥር ምልክት ይወጣለትና ያ ምልክት ብቻ ይላካል። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻትን የመሳሰሉ ተሳታፊ ድርጅቶች ያንን ምልክት ይዘው ምስሉን ገጻቸው ላይ ሲያገኙት ያነሱታል። ስም አይጠየቅም። ልጅቷ ራሷ በራሷ ስልክ ትስራው፤ እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ አጠገቧ ሁኑ።

ተስፋውን ግን ሳታበዙ ንገሯት። ምስሉ ተቆርጦ ወይም ተቀይሮ ከተለጠፈ ምልክቱ ላይገጥም ይችላል። ተመስጥረው በሚላኩ የግል ቻቶች ውስጥም አይሰራም። ቴሌግራም ላይ ቻናል ወይም ግሩፕ ውስጥ ከወጣ መልእክቱን ተጭናችሁ ሪፖርት ላይ የሕፃናት ጥቃትን የሚመለከተውን ምረጡ። «ሁሉም ይጠፋል» አትበሏት። «የቻልነውን እናስነሳለን፣ ቢወጣም አብረን እንወጣዋለን» ማለት ይበቃል፣ እውነትም ነው።

ስድስተኛ፦ ሕጉና ሪፖርቱ

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 12 የሕፃናትን ወሲባዊ ምስል ማዘጋጀትን፣ መላክን፣ ማሰራጨትንና ያለ ፈቃድ መያዝን በፅኑ እስራት ያስቀጣል። ልጅን በመልእክት ወይም በምስል ለወሲብ ማባበልም እዚያው አንቀጽ ስር ወንጀል ነው። በኮምፒውተር ማስፈራራት አንቀጽ 13 ላይ አለ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ መርማሪ ጠይቁ። ተረኛው ኮሪደር ላይ «እስቲ ምን ሆነሽ?» እያለ እንዳያናግራት የምታውቁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ያዙ። ለአስቸኳይ ጉዳይ 991 ይደወላል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ልጅቷ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳታይ በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ቃሏን የምትሰጥበት አሰራር አለ። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ብዙ ልጆች የሚፈሩት ያንን ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ እስራኤል ውስጥ ለልጆች የኢንተርኔት ጥቃት የተቋቋመው ቁጥር 105 ነው። አሜሪካ ውስጥ «ቴክ ኢት ዳውን»ን የጀመረው ማዕከል በ1-800-843-5678 ጥቆማ ይቀበላል፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ 988 አለ። አስተርጓሚ ስትጠይቁ ከሌላ ከተማ በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይሻላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምታገኘው ሰው ካስተረጎመላት ልጅቷ እውነቱን አትናገርም።

ሰባተኛ፦ መመዘንና መጻፍ

ነጥብ እየደመራችሁ «ከ20 ስንት አገኘች» አትበሉ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ፣ በአካል የመድረስ ዕድል፣ ቤት ውስጥ ያለ አጥቂ፣ የማደሪያ ማጣት፤ ከነዚህ አንዱ ካለ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ሌላው ሁሉ ቢመቻችም ዛሬውኑ ይሰራበታል። እነዚህ ከሌሉ ግን ምስሉ መሰራጨት ጀምሮ ከሆነ፣ ወይም ቤተሰቡ ገና ካልተረጋጋ፣ በሁለት ቀን ውስጥ መልሳችሁ እዩ።

ስትጽፉ የሷን ቃል በትእምርተ ጥቅስ፣ የናንተን ግምት ለብቻው ጻፉ። ወረቀቱ ይቆለፍበት። የመምህራን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሟ ቀርቶ ክፍሏ እንኳ አይጠቀስ። ትምህርት ቤት ውስጥ ማወቅ ያለበት ሰው ከሁለት አይብለጥ።

ስምንተኛ፦ መልሶ ማየት

ዳሰሳው በማግስቱ ይከለሳል። ከሳምንት፣ ከወር በኋላም እንዲሁ። ስጋቱን የሚቀይሩ ነገሮች ሲመጡ ቀን አትጠብቁ፦ ተጠርጣሪው በዋስ ሲወጣ፣ ምስሉ አዲስ ቦታ ሲታይ፣ ትምህርት ቤት ከእረፍት ሲከፈት። በሰልፍ ላይ ብቻዋን ከቆመች፣ ምሳዋን መብላት ካቆመች፣ ስልኳ ሲጮህ ከደነገጠች ጠይቋት። የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ያንን ከባዱን፣ በየጊዜው ድገሙት።

ወደ ሐሙሷ ልጅ ልመለስ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው። መሞትን አስባ ታውቃለች፣ ዛሬ ግን አይደለም፣ መንገድም አላሰበችም። ሰውየው በአካል አያውቃትም፤ ትምህርት ቤቷን ግን ከፕሮፋሏ አይቷል። ገንዘብ አልተላከም፣ አይላክምም። አክስቷ ተጠርታ መጥታለች፤ ዛሬ አብራት ታድራለች። የመድኃኒት ሳጥኑ ቁልፍ አክስቷ ጋ ነው። የክፍሉ ግሩፕ አድሚን የሆነችው መምህርት ምክንያቱ ሳይነገራት ግሩፑን እስከ ነገ ዘግታዋለች። ከማታ 1፡30 ጀምሮ ስልኩ አክስቷ እጅ ይሆናል፣ ልጅቷ ራሷ ተስማምታ። 2፡15 ላይ አማካሪዋ ለአክስቷ ትደውላለች። ነገ ጠዋት 1፡45 ላይ፣ ሰልፍ ሳይጀመር፣ በኋለኛው በር ይገናኛሉ፤ ከዚያ ሦስቱም ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳሉ።